የማነበው ሦስተኛውን ነው

በክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ አትንገሩኝ፣ ጻፉልኝ። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እኔ እኮ» ማለት ሲጀምር አራተኛው ቃል ላይ ሳይደርስ እቆርጠዋለሁ። የቋንቋ አስተማሪ ነኝ። የሚያወሩ ልጆች ሞልተዋል፣ የጠፉት የሚጽፉት ናቸው። በዚህ ጠባዬ ምክንያት ተማሪዎቼ «አራት ነጥብ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። እሷ ከተናገረች በኋላ ሌላ ቃል የለም ለማለት ነው። ስሙን ስሰማ የተቆጣሁ መሰልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሕጉ ለብዙ ዓመት በደንብ ሠርቷል። ልጆቹ የድርሰታቸውን የመጀመሪያ ረቂቅ በደብተር ጽፈው ሲያስረክቡኝ ኅዳጉ ላይ ለእኔ ብቻ የሆነ ነገር ጣል ማድረግ ለመዱ። «ቲቸር፣ ያጠረው ጥርሴን ስላመመኝ ነው።» «ቲቸር፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ ወንበሬን እየረገጠ አላስጽፍ አለኝ።» አንዴም «ቲቸር፣ እናቴ ሆስፒታል ናት፣ ዛሬ ልቤ እዚህ የለም» የሚል አገኘሁ። እኔም እዚያው ኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ እመልሳለሁ። ወንበር የሚረግጠውን አንስቼ ፊት አስቀምጠዋለሁ፣ እናቷ ለታመመባት ተጨማሪ ቀን እሰጣለሁ። በአፍ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ስንቱን ጉዳይ ጨርሰናል። አራት ክፍል አስተምራለሁ፣ በያንዳንዱ ሃምሳ ልጅ አለ። ያን ሁሉ ደብተር በሁለት ዘንቢል ተሸክሜ ቤት ስገባ ባለቤቴ «ዛሬም ልጆቹን ይዘሻቸው መጣሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ርዕሰ መምህሩ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ጠርተውን ቻትቦት የሚባለውን አሳዩን። ልጁ የጻፈውን ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ይጠቁማል፤ በልጁ ፈንታ ግን አይጽፍም፣ እንዲያ ተደርጎ ተስተካክሏል አሉን። እኔ በዚያ ቀን ያላልኩት ነገር የለም። ልጆቹን ለማሽን ሰጥተን እኛ ጥላ ሥር ልንቀመጥ ነው ወይ ብዬ ጮህኩ። የኮምፒውተሩ መምህር ትዕግሥተኛ ሰው ነው፣ ተቆጥቼ እስክጨርስ ጠብቆ እስቲ አንድ ሳምንት ይዩት አለኝ።

አየሁት። ድርሰቱ ሁልጊዜ ከርዕሱ የሚያጥር አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ሁለት መስመር ጽፎ «አለቀ» ይላል። ማሽኑ ከዚያስ ምን ሆነ፣ አጎትህስ ምን አለ፣ አንተ ያኔ የት ቆመህ ነበር እያለ ሲጠይቀው ገጹን ሞላው። እኔ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ለሃምሳ ልጅ «ከዚያስ?» ማለት አልችልም። ተማሪዎቹ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ጋሼ» ብለው ጠሩት። ጋሼ ምን አለሽ፣ ጋሼ መግቢያዬን አልወደደውም ይባባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት እኔ የሥርዓተ ነጥብ ስም ተሰጠኝ፣ እሱ በአሥራ አምስት ቀኑ ጋሼ ሆነ።

ወደድኩት። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ሸክሙን ስላነሳልኝ ነው፣ ይህን አሁን አልደብቅም። የእጄ አንጓ ማታ ማታ መጠዝጠዙን ተወ። ከዚያ አዲስ አሠራር አወጣሁ። እያንዳንዱ ድርሰት ሦስት ረቂቅ ይኖረዋል፣ ሁለቱን ከጋሼ ጋር ትሠራላችሁ፣ እኔ የማነበው ሦስተኛውን ነው አልኳቸው። ሰሌዳው ላይም ጻፍኩት። አዲስ ሕግ ሳወጣ አሮጌውን አልሻርኩም፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ረቂቅ ኅዳግ ላይ ይጽፉልኝ የነበረው የት እንደሚሄድ አላሰብኩበትም።

የኮምፒውተሩ መምህር ሁሉም ረቂቅ በእኔ ገጽ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ጋሼ ደግሞ የሰው ዓይን ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበው ጽሑፍ ሲገጥመው ቀይ ምልክት እንደሚልክልኝ ነግሮኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምልክቱን እየተከተልኩ አነብ ነበር። አንደኛዋ ድመቷ ሞታባት ያለቀሰች ልጅ ናት። ሌላው የሚደግፈው ቡድን ተሸንፎበት መኖር አስጠልቶኛል ያለ ነው። ሦስተኛው የፈጠራ ታሪክ ጽፎ ገና በሁለተኛው አንቀጽ የአንድ መንደር ሕዝብ ጨርሷል። በአሥረኛው ቀን በቃኝ አልኩና ምልክቱ እንዳይመጣ አጠፋሁት። አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት፣ ጣት ሲያርፍባት ትዘጋለች።

አሥረኛ ክፍል ውስጥ «ነጠላ ሰረዝ» የሚሏት ልጅ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ስትናገር ሁለት ቃል ብላ ታቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ሁለት ቃል ትላለች። በክፋት አልነበረም፣ እሷም ትስቅበት ነበር። ስትጽፍ ግን ሌላ ሰው ናት። የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና የምታየውን ነገር ሁሉ ትለካለች፤ ስለ ቤት ስትጽፍ የበሩን ቁመት፣ ስለ መንገድ ስትጽፍ ስፋቱን ሳትናገር አታልፍም። የሷን ድርሰት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አስቀርቼ ነው የማነበው። ሰው የሚወደውን ጉርሻ እንደሚያቆየው ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር የሰጠኋቸው ሥራ ደብዳቤ ነበር። የአንድን ሰው ሐሳብ ለማስለወጥ ጻፉ፣ ለማን እንደሆነ ምርጫው የእናንተ ነው አልኳቸው። የነጠላ ሰረዝ ሦስተኛ ረቂቅ ለከንቲባው የተጻፈ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስላሉት የመንገድ መብራቶች። አሥራ አራት ምሰሶ ቆጥራለች። የሚበሩት አምስት ናቸው፣ ከአምስቱ አንዱ በቀንም ይበራል ትላለች። እየሳቅኩ አነበብኩትና ሃያ ከሃያ ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ውጤት በዓመት አንዴ ብሰጥ ነው።

በማግስቱ ክፍሉ ሲበተን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። እኔ ውጤት ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነበር፣ ቀና አላልኩም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር...»

«አትንገሪኝ፣ ጻፊልኝ» አልኳት እንደ ልማዴ።

«ጽፌዋለሁ፣ ቲቸር።»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ። አንድ ቃል አይጨመርበትም።»

አልሄደችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ እየነካች ቆየች፤ ከዚያ «እና... ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ምን እላለሁ? ሃያ ከሃያ ሰጥቼሻለሁ። ሌላ ምን እንድልሽ ነው?»

አፌ ቁርጥ ይበል። «እሺ፣ ቲቸር» ብላ ወጣች። ከደስታ ብዛት ነው ብዬ አሰብኩ። ይባስ ብዬ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የመብራቱን ደብዳቤ ለክፍሉ አነበብኩላቸው። በቀንም የሚበራው ምሰሶ ላይ ስደርስ ሳቁ፣ መጨረሻ ላይ አጨበጨቡላት። እሷ ዓይኗን ከዴስኩ አላነሳችም፤ ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴም አወራሁለት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ከለፋሁ በኋላ አንድ ጸሐፊ አገኘሁ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ወሩ አልቆ አዲሱ ሲገባ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ታማ ይሆናል አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ የክፍሉን አለቃ ጠየቅኩት፣ ዘመድ ጋ ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ አለኝ። ልጆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ቤተሰብ ቤት ይቀይራል። ልብ አላልኩም። ስም መጥሪያው ላይ በገዛ እጄ አሥራ ሦስት ጊዜ የቀሪ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ፈለጉ። ማሽኑ የተማሪዎቹን ጽሑፍ ምን ያህል እንዳሻሻለ ለማሳየት የአንዳንድ ልጆችን የመጀመሪያና ሦስተኛ ረቂቅ ጎን ለጎን አድርጌ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። ማንን እንደማስቀድም ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደብኝም። በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ፣ ሻዬን አጠገቤ አድርጌ፣ የነጠላ ሰረዝን የመጀመሪያ ረቂቅ ከፈትኩ። ስለ መብራት አንድም ቃል የለበትም።

«ቲቸር፣ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። አባቴ በዚህ ወር መጨረሻ ሌላ ከተማ አክስቴ ጋ ሊልከኝ ነው። አክስቴ የጨርቅ ሱቅ አላት፣ ሰው ትፈልጋለች። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ሪፖርት ካርዴን ሳሳየው ይህ ቁጥር ነው፣ እኔ ሌላ ሰው በለካው ልክ ልብስ አልቆርጥም አለኝ። አስተማሪሽ መጥታ ይህች ልጅ ለትምህርት ትሆናለች ብላ በአፏ ከነገረችኝ ግን ትቆያለሽ ብሎኛል። የአባቴ የስፌት ሱቅ ከትምህርት ቤቱ በር አራት መቶ ሃያ እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።»

ከጎኑ ቀዩ ምልክት አለ። ጋሼ ልኮታል፣ በር ዘግቼ የተቀመጥኩት ተቀባይዋ እኔ ነኝ። ከሥር ደግሞ የሁለቱ ንግግር ተቀምጧል። ማሽን ብዬ የሰደብኩት ነገር ደብዳቤውን ሊያርም አልሞከረም። ይህ ከክፍል ሥራ በላይ ነው፣ ለመምህርሽ በአካል ንገሪያቸው ብሏታል። ያነቡታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ማንበብ ይችላሉ፣ ማንበባቸውን ግን እኔ ማወቅ አልችልም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ብትነግሪያቸው ይሻላል አላት። መልሷ አንድ መስመር ነበር።

«ቲቸር ሲነገራቸው አይወዱም። ጻፉልኝ ነው የሚሉት።»

ቀጥላ ለውጤት የሚሆን ሌላ ደብዳቤ ብጽፍ ይቻላል ወይ አለችው፣ ይቻላል አላት፣ መብራቶቹ የመጡት ከዚያ ነው። ጠረጴዛዬ አጠገብ የቆመችበትን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ስድስት ቀን። ያን ዕለት የነገርኳትን አንድ በአንድ አስታወስኩ። አንብቤዋለሁ አልኳት። አንድ ቃል አይጨመርበትም አልኳት። ሌላ ምን እንድልሽ ነው አልኳት። ልጅቷ የሰማችው ልመናዋን አንብቤ፣ ነጥብ ሰጥቼ፣ እንደማልመጣ ነው። ከዚያ ደግሞ ክፍሉን ሁሉ አስጨበጨብኩላት።

ምልክቱን ያን ጊዜውኑ መልሼ ከፈትኩት። አሁን የመጀመሪያውንም ረቂቅ አነባለሁ፣ ስለ ድመትም ቢሆን፣ ስለ ኳስም ቢሆን። የኮምፒውተሩ መምህር ጥሩ አደረግሽ ይለኛል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ሲያመሰግነኝ ራሱ ያመኛል።

ያን ዕለት ሪፖርቱን እንደተከፈተ ትቼ ወጣሁ። ሱቁ ጋ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ እጅጌያቸው ያልተገጠመ ኮቶች፣ ጥግ ላይ የሚጨስ ካውያ። አባትየው ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ገበር እየሰፋ ነበር። ደንበኛ መስዬው ከላይ እስከ ታች አየኝና ለማሳጠር ነው ወይስ ለማስጠበብ አለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የልጅዎ አስተማሪ ነኝ አልኩት።

እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ ወንበር ላይ የነበረውን ቁራጭ ጨርቅ ጠረገና እንድቀመጥ ጋበዘኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እስከ ወሩ መጨረሻ በር በሩን ስታይ ነበር» አለኝ። «አሳዘነችኝና አንድ ሳምንት ልጨምርልሽ አልኳት። እሷ ራሷ አይ አለች። አባዬ፣ አንብበውታል እኮ፣ ቢፈልጉ ይመጡ ነበር አለችኝ።»

አለማንበቤን ነገርኩት። ማሽኑን፣ ሦስቱን ረቂቅ፣ ያጠፋሁትን ምልክት አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ልብስ ሰፊ ነው፣ ግማሹ ላይገባው ይችላል ብዬ ነበር፤ ሁሉም ገብቶታል። ከዚያ ያኔ ልነግረው የሚገባኝን ነገርኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደሷ የሚጽፍ ልጅ አላስተማርኩም፣ ለትምህርት ትሆናለች ብቻ አይደለም፣ ትምህርት ለሷ የተሠራ ነው አልኩት። እየተናገርኩ እያለ የራሴ ድምፅ አስጠላኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነው።

እሱ የጣቶቹን ጫፍ እያየ ሰማኝ። አክስቷ እሷን ተማምና የነበራትን ሠራተኛ አሰናብታለች፣ እዚያ ያለው ትምህርት ቤትም በዓመቱ መካከል አይቀበልም፣ ከመጣችም የምትመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ያም ልቧ ከፈቀደ ነው አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ደወለና እራስዎ ይጠይቋት ብሎ ሰጠኝ።

ድምፄን ስትሰማ ደነገጠች። በመጀመሪያ ጤንነቴን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ የክፍሉን ልጆች። ከኋላዋ ሰው ስለ መጋረጃ ዋጋ ይከራከራል። የመጀመሪያውን ደብዳቤዋን ዛሬ ገና ማንበቤን፣ ያን ዕለት አንብቤዋለሁ ያልኳት የመብራቱን እንደነበር ነገርኳት። እንደ ሌላው ጊዜ ቃል የምትፈልግ መስሎኝ ጠበቅኳት።

«አንብበው የተዉት... መስሎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ አንብበው ካልመጡ... አባዬ ልክ ነው አልኩ። ደብተሮቼን... እዚህ ለዕቃ መጠቅለያ አደረግናቸው።»

ይቅርታ አልኳት። ለተማሪ ይቅርታ ብዬ አላውቅም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚባል እንኳን ጠፍቶኝ ደጋገምኩት። ምንም አይደለም፣ ቲቸር፣ ሥራ ስለሚበዛብዎት ነው አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ትመጫለሽ ወይ፣ እኔ ራሴ መጥቼ አክስትሽን አነጋግራታለሁ አልኳት።

«አሁን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ይህን ስትል አላቆመችም፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሰችው። ከዚያ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብላ ተሰናበተችኝ።

ስልኩን ለአባቷ መለስኩ። ምን እንዳለች ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ለእሱም ሁልጊዜ እንደዚያው እንደምትለው ነገረኝ። ጨርቁን አንስቶ መርፌው ሥር አስገባ፤ እግሩን ግን መርገጫው ላይ አላሳረፈም።

«መምህርት፣ እኔ እኮ እንድትሄድ አልፈለግኩም» አለኝ፣ ሳያየኝ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እህቴ ብዙ ውለታ ውላልኛለች፣ ባዶ እጄን እምቢ ልላት አልቻልኩም። አስተማሪዋ ቤቴ ድረስ መጥታ ለመነችኝ ብላት ግን ትረዳኝ ነበር። ከልጅቷ ይልቅ በር በሩን ሳይ የነበርኩት እኔ ነኝ።»